ጩኸት ያለበት ፊልም

እኔ ከተፈጥሮዬ ፈሪ ነኝ። ውሻ እፈራለሁ፣ መብረቅ እፈራለሁ፣ በጠዋት የሚደወል ስልክ እፈራለሁ። እንጀራዬን የበላሁት ግን ሰው የሚያስፈራ ፊልም በማከራየት ነው። ጎፋ ውስጥ በነበረችው ጠባብ ሱቃችን ከቪዲዮ ካሴት እስከ ዲቪዲ፣ ከዲቪዲ እስከ ፍላሽ ድረስ ሠራሁ፤ ጠጉሬም እዚያው ሸበተ። ሥራውን የተውኩት ማንም አባሮኝ አይደለም። ሰው ሁሉ ፊልሙን በስልኩ ማየት ጀመረና ደንበኛ አንድ በአንድ ቀረ። ዛሬ በቦታው የስልክ ሽፋን ይሸጥበታል። በመጨረሻው ቀን ቁልፉን ለቤቱ ባለቤት አስረከብኩና ማንም አልፈልግም ያለውን አንድ ካርቶን ዲቪዲ ታክሲ ላይ ጭኜ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ቤቴ፣ አልጋዬ ሥር ከተትኩት። በሕይወቴ እጅግ የፈራሁበትን ቀን ያመጣብኝ ያ ካርቶን ነው።

ሥራውን ያስተማሩኝ የሱቁ ባለቤት ጋሽ መኩሪያ ናቸው። ሲቀጥሩኝ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት የተቀመጥኩ ልጅ ነበርኩ። ደሞዙ ከምሳና ከታክሲ እምብዛም አያልፍም ነበር፤ እሱን እንተወው። መጀመሪያ የተማርኩት ማከራየት ሳይሆን ማጽዳት ነው። በቪዲዮ ማጫወቻው ዴክ ውስጥ ቴፑን የሚያነበው ሄድ በአልኮል በራሰ ጨርቅ ወደ ጎን ብቻ ይታሻል፤ ወደ ላይና ወደ ታች ከነካሽው ይሰበራል ተባልኩ። ከኪራይ የተመለሰ ካሴት መጀመሪያ ይሸተታል፤ ሻጋታ ሻጋታ ካለ ከሌሎቹ ጋር አይቀመጥም። ዴክ የበላው ቴፕ ካሴቱ ተፈትቶ፣ የተጨማደደው በምላጭ ተቆርጦ ይቀጠላል። ዲቪዲ ሲመጣ ደግሞ ከመሃል ወደ ዳር መጥረግን፣ የተጫረውን በጥርስ ሳሙና ማሸትን ተማርን። ምላጭ ስይዝ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጋሽ መኩሪያ ይህን ሲያዩ አይቆጡም፤ ሰው ሲያየኝ እንደሚብስብኝ ቶሎ ገብቷቸው ዝም ብለው ዘወር ይሉልኛል።

በወጣትነታቸው ሲኒማ ቤት፣ ማሽን ክፍል ውስጥ ሠርተዋል። እዚያ ማሽኑ ስለሚጮህ የፊልሙ ድምፅ አይሰማም፤ በትንሿ መስኮት ምስሉን ብቻ ነው የሚያዩት። በዚህ የተነሳ እንግሊዝኛው ሳይገባቸው፣ ድምፁን ሳይሰሙ፣ ማን ማንን ሊከዳ እንደሆነ ከሁላችንም በፊት ያውቃሉ። ሱቁ ውስጥም ቴሌቪዥኑን ድምፅ አጥፍተው ያዩና ታሪኩን ይነግሩኛል፤ በኋላ ድምፁን ከፍቼ ሳየው ያሉት ሆኖ ይገኛል። አንድ ቀን እንዴት እንደሚያውቁ ጠየቅኳቸው።

«ፊታቸው ይተውናል፤ እጃቸውን ግን ይረሱታል» አሉኝ። «አንቺ እጃቸውን እዪ።»

ከዚያ ወዲህ የተዋንያን እጅ አያለሁ። እንደ እሳቸው ማንበብ ግን አልሆነልኝም፤ እጁን ሳይ ጩቤ ያወጣል ብዬ እየሰጋሁ ሌላው ሁሉ ያመልጠኛል።

ሁለት የማይለቋቸው ልማዶች ነበሯቸው። አንደኛው ፊልም እስከ መጨረሻው ሳያዩ አለማከራየት ነው። መጨረሻውን ያላየነውን ፊልም ሰው ቤት አናስገባም ይላሉ። ሁለተኛው በእኔ ምክንያት የመጣ ነው። ገና አዲስ ሳለሁ ለአንድ ተማሪ የሚያስፈራ ካሴት አከራየሁ። ለካስ ቤቱ ውስጥ የወንድሙ ሚስት ወሯ ገብቶ ኖሯል። ፊልሙን አብራ አይታ በዚያው ምጥ ያዛት። ጠዋት ባሏ ሱቃችን በር ላይ ቆሞ ሲጮህ ከጠረጴዛው ሥር ገባሁ። ጋሽ መኩሪያ ከዚያ ጎትተው አውጥተውኝ ሆስፒታል ድረስ አብረን ሄድን። ሕፃኑ ደህና ነበር፤ ደንግጣ ነው የወለደችው የሚለው ወሬ ግን ሰፈሩን ሞላው። ልጁን «ፊልሙ» እያሉ ይጠሩት ነበር፤ አሁን ጢሙን የሚላጭ ሰው ሆኖም አልለቀቀውም።

ከዚያ በኋላ ጋሽ መኩሪያ ማንም ፊልም ሊወስድ ሲመጣ «ቤት ውስጥ ማን አለ?» ብለው ሳይጠይቁ አይሰጡም። ነፍሰ ጡር ካለች፣ ልቡን የሚያመው ሰው ካለ፣ የሚባንን ሕፃን ካለ ለይተው ይመርጡላቸዋል። ሐዘን ያለበት ቤት ከሆነ ግን ምንም አይሰጡም። አንዳንዱ ጥያቄው ይሰለቸዋል፣ አንዳንዱ ፖሊስ ነዎት እንዴ ይላል። እሳቸው መልሱን እስኪሰሙ ካሴቱን አይለቁም።

ካርቶኑ የመጣው ዲቪዲ በረከሰበት ዘመን ነው። ዕቃ የምናመጣበት የመርካቶ ነጋዴ አልሸጥ ያለውን የድሮ ጥቁርና ነጭ ፊልም ስብስብ በርካሽ ጫነብን። በእያንዳንዱ ዲቪዲ ላይ ሃያ ፊልም ታጭቋል። ሽፋኑ ላይ አፏን ከፍታ የምትጮህ ሴትና ከኋላዋ የተዘረጋ ጥፍራም እጅ አለ። ስማቸውን ሰምተን የማናውቃቸው፣ በጥቂት ገንዘብ ጥድፍድፍ ተደርገው የተሠሩ ፊልሞች ናቸው። ጭራቁ ሲዞር ጀርባው ላይ ዚፑ ይታያል። የሌሊት ወፏ የተንጠለጠለችበት ክር ያብረቀርቃል። አንዱ ቤት በአንደኛው ፊልም ይቃጠልና በሌላኛውም ያው ቤት በዚያው እሳት ይቃጠላል። እኔ ዚፑን እያየሁም እፈራ ነበር። ጋሽ መኩሪያ «አስኩ፣ ልብሱን እኮ ነው የምትፈሪው» እያሉ ይስቁብኛል። ቢሆንም ተከራይ አላጡም። ጡረተኞች ይወዷቸዋል፤ ቤተሰብ ያለውም ጥቁርና ነጭ ከሆነ ልጆች ፊት የሚያሳፍር ነገር አይኖረውም ብሎ ይወስዳል።

ጋሽ መኩሪያ የካርቶኑን ግማሽ ያህል እያዩ ሳለ ልባቸው ታመመ። ሐኪሙ ከሥራ እንዲያርፉ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ እንዳይደነግጡ አስጠነቀቃቸው። ሱቁን ለእኔ ትተው ቤታቸው ዋሉ። እኔ በአንድ ዲቪዲ ላይ ያለውን ሃያ ፊልም ቁጭ ብዬ የማይበት ጊዜም አልነበረኝ፣ ድፍረትም አልነበረኝ። የመጀመሪያውን አይቼ የቀረውም እንደዚሁ ነው እያልኩ እሰጥ ነበር። ሌላውም አከራይ ሁሉ እንደዚያው ያደርጋል። የጋሽ መኩሪያ ልማድ ለአንድ ካሴት አንድ ፊልም በነበረበት ጊዜ የሚቻል ነበር።

ሱቁ ከተዘጋ በኋላ አንድ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። የጋሽ መኩሪያ ልጅ ሰብለ ነበረች፤ አባቷን የምታስታምመው እሷ ናት። ድምፅዋን ስሰማ እሳቸው ሞቱ አልኩ። እሳቸው አልነበሩም። የከባድ መኪና ሾፌር የነበረው ወንድሟ ዮናስ በጅቡቲ መንገድ መኪናው ተገልብጦበት ሞቷል። ዮናስን ልጅ ሆኖ አውቀዋለሁ፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ እኛ ሱቅ ቁጭ ብሎ ካሴት ሲያጠነጥን ነው ያደገው።

አስከሬኑ ሌሊቱን አዲስ አበባ ይገባል አለችኝ። የጋሽ መኩሪያ ታላቅ ወንድም ከደብረ ብርሃን እየመጡ ነው፤ ጎሕ ሲቀድ ከነፍስ አባታቸው ጋር ሆነው መርዶውን ይነግሯቸዋል፤ ጎረቤት ያለችው ነርስም አጠገባቸው ትሆናለች። እስከዚያ ድረስ እንዳይሰሙ ነው የተፈራው። በወጉ፣ በሽማግሌ አፍ፣ ዙሪያቸውን ሰው ይዟቸው ካልሰሙ ልባቸው አይችለውም ብለው ሁሉም ተስማምተዋል።

«በር ላይ ወጥተው መቀመጥ ይወዳሉ» አለች ሰብለ። «አላፊ አግዳሚው ሁሉ ሰምቷል። ከቤት እንዳይወጡ የሚያደርግልኝ ሰው አጣሁ። ያንን ካርቶን ይዘው ቢመጡልኝስ፣ እትዬ አስካለ?»

ሰው ለማስታመም ብባል እሺ እል ነበር። ይሄ ግን ከጋሽ መኩሪያ ፊት ተቀምጦ መዋሸት ነው፤ ድምፅ አጥፍተው የሰውን ሐሳብ ከሚያነቡ ሰው ፊት። አልችልም ልላት አስቤ የሚቆራረጠውን ትንፋሽዋን ስሰማ አፈርኩ። ካርቶኑን ከአልጋ ሥር ሳብኩት። ከጀሞ እስከ ጎፋ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ጭኔ ላይ አድርጌው ፊቴን በመስታወቱ እያየሁ ተለማመድኩ። ላፍቶ ስንደርስ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት አሞሽ ነው ወይ አለችኝ። ልምምዱ እንዳልያዘልኝ ያኔ ገባኝ።

ቤቱ እንደ ወትሮው እንዲመስል ተደርጓል። ጎረቤት እንዳይመጣ ተነግሯል፤ ድንኳኑም እስከ ንጋት አይተከልም። የጋሽ መኩሪያን ስልክ ተበላሽቷል፣ ለጥገና ተልኳል ብለው ወስደውባቸዋል። ሰብለ ጉንፋን ይዞኛል ብላ አፍንጫዋን በመሀረብ ሸፍና ወጥ ቤት ገብታለች። ጋሽ መኩሪያ ካርቶኑን ሲያዩ ፊታቸው በራ። «ቆሻሻሽን ይዘሽ መጣሽ?» ብለው አቀፉኝ። ሳሎኑን መጋረጃ ጋረድኩና ፊቴ እንዳይታያቸው ከፊት ለፊታቸው ሳይሆን እዚያው ሶፋ ላይ ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ብልሃቴ ለራሴም አስደነቀኝ።

የመረጥኳቸው ጩኸት የበዛባቸውን ነው። ምክንያቱ ሰብለ ናት። ወጥ ቤቱና ሳሎኑ በአንድ ስስ ግድግዳ ነው የሚለዩት፤ ልጅቷ ትይዘው ትይዘውና ልቅሶው ድንገት ያመልጣታል። ልታለቅስ ስትል ትንፋሽዋን ስትስብ እሰማታለሁ፤ ያኔ የፊልሙን ድምፅ ከፍ አደርጋለሁ። ጭራቁ ከረግረጉ ይወጣል፣ ሴቲቱ ትጮሃለች፣ የሰብለ ልቅሶ ከሥሩ ያልፋል። ዕድሜዬን ሙሉ ያቺ ሴት ስትጮህ ጆሮዬን ስይዝ ኖሬ ያን ቀን ቶሎ ጩሂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ እላት ነበር።

«አስኩ፣ ጆሮሽ ደነቆረ እንዴ?» አሉኝ አንዴ። አርጅቻለሁ ብዬ ሳቅኩ። ሳቄ ለራሴም አላማረኝ። እሳቸው ግን ዚፑን ፍለጋ ወደ ጭራቁ ተመለሱ።

ከምሳ በኋላ አትምጡ መባሉን አልሰማች ይሁን መታገስ አልቻለች፣ አንዲት የጎረቤት ሴት ዘው ብላ ገባች። ጋሽ መኩሪያን ስታይ ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እሳቸው ቀና ሳይሉ ተነስቼ ጥርሴን አሞኛል፣ መድኃኒት አለሽ ወይ እያልኩ ክንዷን ይዤ አስወጣኋት። በር ላይ ልብሴን ጨምድዳ ይዛ ድምፅ ሳታወጣ አለቀሰች። ስመለስ ጋሽ መኩሪያ ማን ናት አሉኝ። ስኳር ልትበደር ነው አልኩ። ጥርስ ያልኩት ትዝ ያለኝ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከወጥ ቤት አንድ ነገር ወድቆ ተሰበረ። አይቼ ልምጣ ብዬ ሄድኩ። ሰብለ መሬት ላይ ተቀምጣ የተሰበረውን ብርጭቆ በባዶ እጇ ትሰበስባለች። ጣቷን አጠብኩላት፣ ፊቷን አበስኩላት፣ ትንሽ ነው የቀረው አልኳት። እኔ እዚያ ሳለሁ ሲታይ የነበረው ፊልም አልቆ ዲቪዲው በራሱ ወደሚቀጥለው አለፈ።

ስመለስ ሳሎኑ ጸጥ ብሏል። ጭራቅ የለም፣ ጩኸት የለም። አንዲት ሴት የገጠር ቤት ደጃፍ ላይ ለዶሮዎች እህል ትበትናለች። ጋሽ መኩሪያ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ይቺን አይተናታል ወይ አሉኝ። አይመስለኝም አልኩና ተቀመጥኩ። ያኔ መቀየር ነበረብኝ። ጸጥ ያለ ስለሆነ ግን ደግ ፊልም መሰለኝ። የምፈራው ሁልጊዜ ጩኸቱን ስለነበር ዝምታን መፍራት አልተማርኩም።

ባርኔጣ ያደረገ ሰው በአጥሩ በር ገባ። ሴቲቱ ፈገግ ብላ ተቀበለችው። ሰውየው ወደ ሰማዩ እየጠቆመ ስለ ዝናብ የሚያወራ ይመስላል። ውሃ ሰጠችው፣ ጠጣ። ደገመችለት፣ እሱንም ጠጣ። ጋሽ መኩሪያ ወደ ፊት ጠጋ ብለው እንደ ድሮው ለራሳቸው ያነቡ ጀመር። ሰውየው ውሃ አልጠማውም አሉ። ባርኔጣውን ካወለቀ ጀምሮ በእጁ እያዞረው ነው አሉ። ልሂድ እያለ አይሄድም፣ ልናገር እያለ አይናገርም አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«መርዶ ይዞ ነው የመጣው።»

ሪሞቱን አነሳሁ። ላጠፋው ፈልጌ ማቆሚያውን ተጫንኩት። ምስሉ እዚያው ቀጥ አለ፤ የሰውየው ሁለት እጆች፣ በመሃላቸው ባርኔጣው። ደግሜ ልጫን ስል ጋሽ መኩሪያ ከቴሌቪዥኑ ወደ እኔ ዞሩ። ፊቴን አላዩም። ፊቴን ቀኑን ሙሉ ስጠብቀው ውያለሁ። እሳቸው ያዩት ግራ እጄን ነው፤ የነጠላዬን ጫፍ እየጠቀለለ፣ እየፈታ፣ እንደገና እየጠቀለለ ነበር። መቼ እንደጀመርኩ አላውቅም።

«አስካለ» አሉኝ፣ አስኩ ሳይሉ። «ዮናስ ነው?»

ደረታቸውን ይዘው ሲወድቁ፣ ሰብለ ሮጣ ስትገባ፣ ሁሉም ታየኝ። ያ ሁሉ ሰው የተጠነቀቀበት ነገር በእኔ እጅ ተበላሸ። ነርሷን ለመጥራት ስነሳ ክንዴን ያዙኝ። አያያዛቸው ጠንካራ ነበር።

ማን ነው የሚነግረኝ አሉኝ። ታላቅ ወንድማቸውና የነፍስ አባታቸው ጎሕ ሲቀድ እንደሚመጡ ነገርኳቸው። ትንፋሻቸውን እየቆጠርኩ ጠበቅኩ፤ የእኔን ረስቼው ነበር።

«ሰብለ እንዳታውቅ» አሉ በመጨረሻ። «ልጄ ለእኔ ስትል ስትሠቃይ ውላለች። ልፋቷ ከንቱ እንዳይሆንባት።» ከዚያ ትራሱን ከጀርባቸው አውጥተው ጭናቸው ላይ አደረጉት። «ሌላ ክፈቺ» አሉኝ። «ሴቲቱ የምትጮህበትን።»

መጀመሪያ አእምሯቸው የተነካ መሰለኝ። ዲቪዲ ቀየርኩ፣ ድምፁን ከፍ አደረግኩ። ሴቲቱ ጭራቁን አይታ ስትጮህ ጋሽ መኩሪያ ፊታቸውን ትራሱ ውስጥ ቀብረው አለቀሱ። እሷ ስታቆም ያቆማሉ፤ እሷ ስትጀምር ይጀምራሉ። ከግድግዳው ወዲያ ሰብለ ታለቅሳለች፣ ወዲህ አባቷ ያለቅሳሉ። እኔ በመሃል ሪሞት ይዤ አንዳቸው ሌላቸውን እንዳይሰሙ ድምፅ ከፍ ዝቅ አደርጋለሁ። በእያንዳንዱ ጩኸት ልባቸው ትቆማለች ብዬ ፈራሁ። ነርሷን ልጥራ ስል እምቢ ብለው ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ። እንደዚያ ያለ ፍርሃት ከዚያ በፊት አልፈራሁም፣ ከዚያ በኋላም አልፈራሁም።

ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ ገቡ። ጋሽ መኩሪያ ተነስተው ተቀበሏቸው፣ ምነው በደህና ነው ብለው ጠየቁ። ታላቅ ወንድማቸው ስለ መንገዱ፣ ስለ ብርዱ አወሩ፤ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘውታል። ከዚያ ነገሯቸው። ቀድመው ስላወቁ የሚያስመስሉ መስሎኝ ነበር። የጮኹት ጩኸት ግን ያን ጊዜ የሰማ ሰው ጩኸት ነው። ሌሊቱን ትራስ የበላው ሁሉ አንድ ላይ ወጣ። ነርሷ እጃቸውን ይዛ ቆየች፤ ልባቸው ቻለች። በኋላ ሰብለ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ እርስዎ ባይኖሩ ጉድ ሆነን ነበር አለችኝ። ጀርባዋን መታ መታ አደረግኩ።

ከአርባው በኋላ ጋሽ መኩሪያ አስጠሩኝ፣ ካርቶኑን ይዘሽ ነይ ብለው። ያቺ ፊልም አላለቀችም አሉ፤ መጨረሻውን ሳናይ ነው ሰው ቤት ስናስገባት የኖርነው። ልቀር ፈልጌ ነበር፤ ግን ሄድኩ። ባርኔጣው ያለበት ላይ ስንደርስ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሰውየው ተናግሮ ሲሄድ ገለጥኩ፤ ሴቲቱ መሬት ላይ ተቀመጠች። ረጅም ጊዜ ተቀምጣ ቆየች፤ ዶሮዎቹ መጥተው ከበቧት። በመጨረሻ ተነስታ የእህሉን ሳህን አነሳችና በተነችላቸው። ፊልሙ በዚህ አለቀ።

ጋሽ መኩሪያ «ቤት ውስጥ ማን ሲኖር ነው ይቺን የምትሰጪው?» ብለው ጠየቁኝ። ለማንም አልሰጣትም አልኩ።

«ለሐዘን ቤት» አሉ። «ይቺስ ለሐዘን ቤት ትሆናለች።»

ዲቪዲውን አውጥቼ ከመሃል ወደ ዳር ስጠርገው እጄ ይንቀጠቀጥ ነበርና ጋሽ መኩሪያ ዘወር አሉልኝ።